አርበኛው ከአምስቱ ዓመት በኋላም ኖረዋል

ምልልሱ ሞጣ ከተማ ውስጥ የተደረገ ነው። ጠያቂዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ቤተሰቧ በ1995 ዓ.ም. ላረፉት አርበኛ ቅድመ አያቷ ሐውልት ሊያቆም ተነሥቷልና በዕለቱ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድትጽፍ አዟታል። መላሹ «አባባ» የሚባሉትን አርበኛ በቅርብ ያውቋቸው የነበሩ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ናቸው።

ልጅቱ፦ ጋሼ፣ ጽሑፉን ይዤ መጥቻለሁ። ግን አጎቴ ገና የመጀመሪያዋን መስመር ሲያይ ተቆጣ። «ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ ጋር አምስት ዓመት ሙሉ ጠላትን ያርበደበዱ ብለሽ ጀምሪ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ልቤ አልቆረጠም።

መምህር፦ ተጠራጥረሽ በመምጣትሽ ደግ አደረግሽ፣ ልጄ። አባባ ከበላይ ጦር አልነበሩም። ይህን ከራሳቸው አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የበላይ አገር ብቸና ነው፤ እስከ ዓባይ በረሃ ያለውን ይዞ ነበር የሚዋጋው። በኛ በሞጣ በኩል የነበሩት ልጅ ኃይሉ በለው ናቸው፤ አባባም የተከተሉት እሳቸውን ነው። ወደ ምዕራብ ስትሄጂ እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ አሉ። በጎጃም አዝማቹም ጦሩም ብዙ ነበር።

ልጅቱ፦ ታዲያ የማንም አያት ቢጠየቅ «የበላይ ጦር ነበሩ» የሚባለው ለምንድን ነው?

መምህር፦ ስሙ ስለ ገነነ ነዋ! ፉከራው በሱ ነው፣ የአዲስ አበባው መንገድ በሱ ስም ይጠራል፣ የባሕር ዳሩ አየር ማረፊያም እንዲሁ። ይገባዋል፤ እኔም ስሙ ሲነሣ ደረቴ ይነፋል። ነገር ግን አያቱን ለማክበር ብሎ በሌላ ጀግና ስም ሥር የሚያስገባ ሰው የአያቱን ሥራ ነው የሚያጠፋው። አንቺ እውነቱን ብትጽፊ፣ ነገ ስለ ሞጣ አርበኞች የሚያጠና ሰው ሲመጣ አንድ ስም፣ አንድ ቦታ፣ አንድ አለቃ ያገኛል። «የበላይ ጦር» ብለሽ ከጻፍሽ ግን የሞጣ አርበኛ በአንድ ሰው ጎደለ ማለት ነው።

ልጅቱ፦ «አምስት ዓመት ሙሉ» የሚለውስ?

መምህር፦ እሱም መታየት አለበት። ከመጀመሪያው እንነሣ። በ1928 ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር አስከትለው ወደ ሽሬ ሲዘምቱ አባባ የ18 ዓመት ጎረምሳ ነበሩ፤ የአባታቸውን ስንቅ የጫነች በቅሎ እየነዱ ነው የሄዱት። በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ሽሬ ላይ ከባድ ውጊያ ሆነ፤ ጦሩ ተፈታና ወደ ተከዜ ሸሸ። በሽሽቱ ላይ አውሮፕላን ቦምብ ብቻ ሳይሆን የመርዝ ጭስም አወረደበት። አባባ ስለ ጭሱ ሲያወሩ ስለ ሰው ምንም አይሉም ነበር። ስለ በቅሎዋ ነበር የሚያወሩት። አፍንጫዋ እንዴት እንዳበጠ፣ ጀርባዋ በእጃቸው ሲነኩት እንዴት እየተላጠ እንደ መጣ፣ ጭነቱን አውርደው ትተዋት ሲሄዱ እንዴት ተከትላቸው ልትመጣ እንደ ሞከረች። ሰዎቹን ለምን እንደማያነሡ አንድ ቀን ብጠይቃቸው ዝም አሉኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኋቸውም።

ልጅቱ፦ አባታቸውም እዚያው ቀሩ እንዴ?

መምህር፦ አዎ፣ እዚያው ቀሩ። ያ በጽሑፍሽ ውስጥ የለም፤ አስገቢው። እንግዲህ አባባ ብቻቸውን ተመልሰው ሞጣ ሲደርሱ ጣሊያን ጎጃም ገብቷል። ከዚያ ምን አደረጉ መሰለሽ? አረሱ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል እርሻቸውን አረሱ።

ልጅቱ፦ አጎቴ ይህን ከሰማ ወረቀቱን ይቀድደዋል።

መምህር፦ ለምን ይቀድደዋል? አብዛኛው የጎጃም ገበሬ እንዲያ ነው ያደረገው። የጎጃም አመፅ በሰፊው የተቀጣጠለው በ1930 ነው፤ ጣሊያን ነፍጥ አስረክቡ ብሎ መንደር ለመንደር መዞር ሲጀምር፣ ባላባቱን ማሰርና መግደል ሲይዝ። ለጎጃም ገበሬ ነፍጥ ማለት የርስቱ ጠባቂ ነው። «ነፍጥህን አምጣ» ሲባል «ቀጥሎ ርስቴ ነው» ብሎ ተረዳው። አባባም ጫካ የገቡት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ከ1930 እስከ 1933 ብለሽ ጻፊ። ይህ ክብራቸውን አይቀንስም። ሽሬ ላይ አባቱን ቀብሮ፣ ተሸንፎ ተመልሶ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና የተነሣ ሰው ነው የምትጽፊው። እንደኔ ከሆነ ሳያቋርጥ ከተዋጋ ሰው ይልቅ እንደዚህ ያለው ሰው ልብ ይበልጥ ይከብደኛል፤ ምን እንደሚጠብቀው አውቆ ነዋ የሄደ።

ልጅቱ፦ ዓመተ ምሕረቶቹን እንዴት ነው ያወቋቸው? አባባ ቁጥር አይጠሩም ነበር ይባላል።

መምህር፦ እውነት ነው፤ «ጣሊያን የገባ ለት»፣ «ጃንሆይ የገቡ ጊዜ»፣ «የግብሩ ዓመት» ነው የሚሉት። አንቺ ያንን ከታወቀው ጋር ታጋጥሚዋለሽ። ጃንሆይ ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማ የተከሉት ጥር 1933 ነው፤ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ሚያዝያ 27። አባባ «ሑዳዴውን ጾመን ሳንጨርስ ማርቆስ ተያዘ» ካሉ ልክ ናቸው። ክረምትና በጋውን፣ ጾምና ፍስኩን፣ እህሉ እሸት ይሁን አዝመራ ጠይቂ። ሰው ዓመቱን ቢስት እሸት መብላቱን አይስትም።

ልጅቱ፦ ስለ ጠመንጃቸውም ጽፌያለሁ። «ምንሽራቸው» ብዬ ነው የጻፍኩት።

መምህር፦ መጀመሪያ የያዙት ውጅግራ ነው፤ ምንሽሩ ኋላ የመጣ ነው፣ ከጠላት የተማረከ። ይህን አትለፊው፤ ልዩነቱ ብዙ ነው። ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚጎርስ። ተኩሰሽ፣ ከፍተሽ፣ ቀለሁን አውጥተሽ፣ ሌላ ጥይት እስክታጎርሺ ድረስ ባዶ እጅሽን ነሽ። ባሩዱም የድሮ ስለ ሆነ ጭሱ ቦግ ብሎ ይወጣና የተኳሹን ቦታ ያሳብቃል። መትረየስ የያዘ ጠላት ደግሞ ያችን ጭስ ነው የሚጠብቀው። አባባ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው ያሳዩኝ ነበር፤ ይተኩሱና ወዲያው በክርናቸው ወደ ግራ ይንፏቀቃሉ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸውም ትከሻቸው ያንን እንቅስቃሴ አልረሳውም። ተኩሶ ቦታ መቀየር ማለት ነው። የአርበኛው ውጊያ ምን እንደሚመስል አንባቢሽ የሚያውቀው «እንደ አንበሳ ተዋጉ» ስትይው አይደለም፤ ይህንን ስትነግሪው ነው።

ልጅቱ፦ ስለ ሰባራ ድልድይስ? ሲሰበር አባባ ነበሩ ብሎ አጎቴ ይምላል።

መምህር፦ እኔ ሲሉ አልሰማሁም። ድልድዩ በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ነው፤ ሞጣንና የጎንደርን አገር በዓባይ ላይ ያገናኝ ነበር። የመካከሉ ቅስት የፈረሰው በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ጠላት እንዳይሻገርበት የኛው ሰው እንዳፈረሰውና ቅስቱ ሲናድ አርባ ያህል ሰው ይዞ ወደ ወንዙ እንደ ገባ ይነገራል። «ይነገራል» የምልሽን ልብ በይ። አባባ ያዩትን «አየሁ»፣ የሰሙትን «ሰማሁ» ይሉ ነበር፤ አንቺም በጽሑፍሽ እንደዚያው ለይ። ስለ ድልድዩ ራሳቸው የኖሩት ሌላ ታሪክ አላቸው። ከጦርነቱ በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል ሰው በዚያ ክፍተት ላይ በገመድ እየተጎተተ ነበር የሚሻገረው። ከወዲያም ከወዲህም ጎታቾች ገመዱን ይዘው፣ ተሻጋሪው በወገቡ ታስሮ፣ ሥሩ ዓባይ እየፈላ። አባባ ወደ እስቴ ለገበያ ሲሄዱ ስንቴ በዚያ ገመድ ተንጠልጥለዋል! ኋላ ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ የወጣ ፎቶ አይቶ መጣና በ1994 ክፍተቱ በብረት ተያያዘ። በ1997 ክረምት ወንዙ ሞልቶ ብረቱን ወሰደው፣ ከዚያ በ2001 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። አባባ የመጀመሪያውን ብቻ ነው ያዩት፣ በሞቱ በዋዜማው ዓመት። ጦርነት ያፈረሰው ነገር እስኪጠገን የአንድ ሰው ዕድሜ እንደሚፈጅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ታመጫለሽ?

ልጅቱ፦ ስለ ሴቶቹ ምንም አልጻፍኩም። ጽሑፉ የአባባ ስለ ሆነ ይበዛል ብዬ።

መምህር፦ እንዴት ይበዛል! ሦስት ዓመት ጫካ የቆየ ሰው ምን እየበላ ቆየ? በሶው፣ ቆሎው፣ ጭብጦው ከየት መጣ? ባለቤታቸው እማማ ሌሊት ነው የሚፈጩ፤ ቀን የወፍጮ ድምፅ ከተሰማ ጆሮ ጠቢ «ለማን ነው ይህ ሁሉ?» ይላል። ስንቁን ከኩበት ሥር ደብቀው ወደ ገደሉ የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው። ታላቋን ልጃቸውን፣ አሁን በሕይወት ያሉትን አክስትሽን፣ አዝለው ነው። ይህን አክስትሽ ከእናታቸው ሰምተውታል። በአገር ደረጃ እነ ሸዋረገድ ገድሌ ይነሣሉ፤ የኛዎቹ ግን ያላቸው ምስክር ልጆቻቸው ብቻ ናቸው።

ልጅቱ፦ ጋሼ፣ አንድ የከበደኝ ነገር አለ። የአባባ ታላቅ ወንድም ከጣሊያን ጋር ነበሩ ይባላል። ቤት ውስጥ አይነሣም።

መምህር፦ አውቃለሁ። ባንዳ ነበሩ። ቃሉ ይመራል፤ ግን በአንድ ቤት ሁለት ወንድማማች በሁለት ወገን የቆመው በናንተ ቤት ብቻ አይደለም፤ በጎጃም ሞልቷል። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን የሚያህል ሰው ከጣሊያን ጋር ቆሞ አልነበረም? አንዱ ለደመወዝ ይገባል፣ አንዱ ለቂም፣ አንዱ ልጆቹ እንዳይራቡበት። ውስጥ አርበኛ የሚባሉም ነበሩ፤ ቀን የጣሊያንን ሥራ ይሠራሉ፣ ሌሊት ጥይትና ወሬ ለጫካው ይልካሉ። የአባባ ወንድም ከነዚህ ነበሩ ወይስ ለደመወዙ ብቻ ያደሩ፣ እኔ አልፈርድም። የማውቀው አባባ ምንሽሩን ካገኙ በኋላ ጥይት አልቸገራቸውም ነበር። ከየት ይመጣ እንደ ነበር ስጠይቃቸው «ከእግዜር» ይሉኛል፣ ፈገግ ብለው።

ልጅቱ፦ ልጻፈው እንዴ?

መምህር፦ ስማቸውን ሳትጠሪ ጻፊው። የልጅ ልጆቻቸው በዚሁ ከተማ ይኖራሉ፤ በሐውልት ምረቃ ቀን በሰው ፊት የሚሸማቀቅ ልጅ እንዲኖር አልፈልግም። «ከቤተሰባቸው በጠላት በኩል ያደረ ሰው ነበር፤ ከድል በኋላ ታርቀዋል» ብትይ እውነቱም አልተደበቀ፣ ሰውም አልተዋረደ።

ልጅቱ፦ እኔ «በ1933 ድል ሆነ፤ ከዚያ በሰላም ኖረው አረፉ» ብዬ ነው የጨረስኩት።

መምህር፦ በስልሳ ሁለቱ ዓመት ምን አደረጉ ታዲያ? በዚህ ነው የምቆጣሽ። ሰውየው ከአምስቱ ዓመት በኋላ ነው የኖሩት፤ ልጅ የወለዱት፣ ያረሱት፣ የታመሙት። ሌሊት «ተኛ! ተኛ!» እያሉ ሲጮሁ ጎረቤት ይሰማ ነበር። ያ እንቅልፍ ተኛ ማለት አይደለም፤ መሬት ያዝ ማለት ነው፣ መትረየስ ሲንጣጣ ለጓድ የሚባል። እማማ ተነሥተው ውሃ ያጠጧቸዋል። ይህ እስከ እርጅናቸው አልለቀቃቸውም።

ደግሞ በላይን እንመልከት። ከድል በኋላ ደጃዝማች ተብሎ የብቸና ገዢ ሆነ፣ ልጅ ኃይሉ በለው ራስ ተብለው የጎጃም ጠቅላይ ገዢ ሆኑ። ከዚያ መጋጨት መጣ፤ በላይ ተያዘ፣ ሞት ተፈርዶበት ምሕረት ተደረገለት፣ ከእስር ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር አመለጠ፣ ተያዘና ጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። አባባ የሰሙት ገበያ ላይ ነው። የተሸከሙትን እህል ሳይሸጡ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የኃይሉ በለው ሰው ነበሩ፤ ሆኖም ለበላይ አለቀሱ። ያን ቀን ያለቀሰ የጎጃም አርበኛ ማንን እንደ ተከተለ አልተጠየቀም።

ልጅቱ፦ ለአርበኝነታቸው ምን አገኙ?

መምህር፦ ሜዳሊያ። እናንተ ሣጥን ውስጥ ያለው ነው። ሹመቱና ደመወዙ ከስደት ለተመለሰውና ጣሊያንን ላገለገለው ነው የሄደው ብሎ የማያማርር አርበኛ አላውቅም፤ አባባ ግን ይህን ጉዳይ አያነሡም ነበር። ያነሡ የነበረው ግብሩን ነው።

ልጅቱ፦ የ1960ውን?

መምህር፦ አዎ! የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በ1960 ወጣ። ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ነበሩ። ገበሬው አዋጁን እንደ ግብር ብቻ አላየውም፤ መሬት ሊለካ ነው፣ ርስት ሊነጠቅ ነው፣ ብሎ ፈራ። ከዚያ በፊት በ1930ዎቹም፣ በ1942ም ስለዚሁ ጉዳይ በጎጃም ተነሥቶ ያውቃል። የ1960ው አመፅ ልብ ግን ሞጣና ብቸና ነው። ሽማግሌ አርበኞች ምንሽራቸውን ከጣሪያ ሥር አውርደው ወጡ። አባባ ሃምሳ ዓመታቸው ነበር። እኔ የ15 ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ አውሮፕላን ሲመጣ አይቻለሁ። ቦምብ በመንደር ላይ ተጣለ። በሽሬ ከጣሊያን አውሮፕላን የተረፉት ሰው፣ በዚህ በሞጣ ከራሳቸው መንግሥት አውሮፕላን ሲደበቁ አየሁ። ያኔም ያው የተዋጉለት ንጉሥ ነበሩ ዙፋኑ ላይ።

ልጅቱ፦ አጎቴ «ሸፍተው ነበር ይባልብናል» ይላል።

መምህር፦ ሸፍተውማ ነበር። ጣሊያንም «ሽፍታ» ነበር የሚላቸው። መጨረሻውንም ጻፊው፤ ጃንሆይ ገዢውን አንሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኰንንን ሾሙ፣ የተወዘፈውንም ግብር ማሩ። ገበሬው አላሸነፈም የሚል ካለ ይከራከረኝ። ከሰባት ዓመት በኋላ ደግሞ ደርግ መሬትን የመንግሥት አደረገው፤ አባባ የጠበቁት ርስት በአዋጅ ቀረ። ያን ቀን ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ስለዚህ ምንም አትጻፊ።

ልጅቱ፦ ይህ ሁሉ ለሐውልት ቀን ይረዝማል፣ ጋሼ።

መምህር፦ ለሐውልቱ አንድ ገጽ አንብቢ፤ ሙሉው ግን በደብተር ይቀመጥ። ሐዲስ ዓለማየሁን እዪ። እሳቸውም የጎጃም ሰው ናቸው፤ በ1902 ተወልደው ከራስ እምሩ ጋር ሽሬ ዘምተዋል። የአባባ ጓድ ነበሩ ማለት ይቻላል፣ ባይተዋወቁም። ተማርከው በጣሊያን አገር ዓመታት ታስረዋል። አምባሳደር ሆኑ፣ ሚኒስትር ሆኑ፣ ፍቅር እስከ መቃብርን ጻፉ፤ «ትዝታ»ን ያሳተሙት ግን በ1985 ነው፣ ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ። ድሉን ብቻ አልጻፉም፤ ሽሽቱንም ምርኮውንም ጻፉ። እሳቸው ብዕር ነበራቸው። አባባ ብዕር አልነበራቸውም፤ ያላቸው አንቺ ነሽ።

ልጅቱ፦ እሺ። አሁን ከየት ልጀምር?

መምህር፦ ከአክስትሽ ጀምሪ፤ ዘጠና ሊሞላቸው ነው፣ ነገ ዛሬ አትበይ። በስልክሽ ቅጂው፣ አታቋርጫቸው፣ ሲደክማቸው ተነሺና ሌላ ቀን ተመለሺ። ስለ ውጊያ አትጠይቂ፤ እሱን አላዩም። የአባባ ወንድም ከድል በኋላ ሲመለሱ ማታ ነው ይባላል፣ እማማና ልጆቹ ቤት ነበሩ። የመጀመሪያ ጥያቄሽ ይህ ይሁን፦ ለአጎታቸው በሩን የከፈተው ማን ነው?